ጓንት የለመዱ እጆች

አክስቴ ኦጋስታ ፔንሪት እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ የከዳኋት እኔ እንደሆንኩ ስትጠረጥር ኖራለች። አልከዳኋትም። ዛሬ የእኔም ጸጉር ሸብቶ ስለዚያ ሳስብ አሁንም እየማልኩላት ያለሁ ይመስለኛል።

በወጣትነቷ በውበቷ ታዋቂ ስለነበረች ፎቶግራፏ በለንደን ሱቆች መስኮት ይሸጥ ነበር። በሠረገላ ስታልፍ ሰው ወንበር ላይ ወጥቶ ያያታል። ባሏ ሞቶ ቤቱ ሲዘጋ ተዋናይት ሆና ቲያትር ገባች። አዳራሹ በየቀኑ ይሞላል፤ እሷ ግን ጭብጨባውን አታምነውም። አበባ ሲመጣላት ማን እንደላከው ትመረምራለች። ከኮሌጅ ወጥቼ ጸሐፊዋ ስለነበርኩ ምሬቷን የምሰማው እኔ ነኝ።

"ፎቶው ሲራመድ ሊያዩ ነው የሚመጡት፣ ሄስተር። እኔንማ ማን አየኝ?"

አንድ መኸር ወደ ፋብሪካዎቹ ከተማ፣ ወደ ሊድስ ሄድን። ከዋናው ጨዋታ በፊት በምትቀርበው አጭር ድራማ ውስጥ አሮጊቷን ልብስ አጣቢ የምትጫወተው ተዋናይት ታመመች። አክስቴ አስተዳዳሪውን ጠርታ፣ "እኔ እገባላታለሁ፤ ስሜ ግን አይጻፍም" አለችው። ምስጢሩን ያወቅነው እሱ፣ አልባሿ ሚስስ ታብና እኔ ብቻ ነን።

ሚስስ ታብ ፊቷንና አንገቷን በቀለም አሸበሸበችው። "አሁንማ የወለዱዎት እናትም አያውቁዎት፣ እመቤቴ።"

ድራማው ተጀመረ። ርካሹ የላይኛው ሰገነት በፋብሪካ ሠራተኞች ጢም ብሏል። ሁሉም ጸጥ ብሎ ያዳምጣታል፤ እያለቀሰ አፍንጫውን የሚስብም ሰማሁ። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ገንዳው ላይ አጎነበሰች።

"እቺ አሮጊት ሳሙናን የምታውቀው በጠረኑ ብቻ ነው እንዴ?" አለች አንዲት ሴት ከላይ። "እጇን እዩልኝ፣ ሊጥ ነው የሚመስለው። ጓንትሽን ማን ሰረቀሽ፣ እሜቴ?"

ሰገነቱ በሳቅ ፈረሰ።

ሦስታችንም እጇን በቀለም ማሸብሸቡን ረስተነዋል። ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ያለ ጓንት ደጅ ወጥታ አታውቅም፤ በእኛ ቤት እጅ የሚሸፈን እንጂ የሚታይ ነገር አይደለም።

ልብስ መቀየሪያ ክፍሏ ስገባ በመስታወት ውስጥ አየችኝ።

"ማን ነገራቸው?"

"ማንም፣ አክስቴ። እጅዎ ነው ያጋለጠዎት።"

"ጓንት አለችኝ። እመቤት መሆኔን በምን አወቀች? ትናንት ፖስታ ቤት ደብዳቤ ልትጥዪ ወጥተሽ ዘግይተሻል።"

"ዝናብ ይዞኝ ነው።"

"ሊድስ ሁልጊዜ ዝናብ ነው" አለች።

ሰኞ የከተማው ሁሉ የልብስ ማጠቢያ ቀን ነው። አክስቴ በማለዳ ያረፍንበት ቤት ጓሮ ወርዳ ከአከራያችን ከሚስስ ኦግደን ጎን ቆመች፤ እጇንም የልብስ ማጠቢያ ሶዳ የተበጠበጠበት የፈላ ውሃ ውስጥ ከተተች።

"እጅዎን ይህን ያህል ከጠሉት፣ ለእኔ ይስጡኝና በእኔ ይለውጡት" አለቻት ሚስስ ኦግደን።

አክስቴ አልሳቀችም። ሁለት ሳምንት ሙሉ የሰፈሩን ልብስ አጠበች። እጇ ቀላ፣ ተሰነጠቀ፤ በዋናው ጨዋታ ላይ በጓንት ትሸፍነዋለች። ከእኔ ጋር የምትነጋገረው ለሥራ ብቻ ሆነ፤ ደብዳቤዎቼንም ራሷ ፖስታ ቤት ወስዳ ትጥላቸው ጀመር።

በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ እንደገና አሮጊቷን ሆና ወጣች። እጅጌዋን ሰበሰበች፣ አንሶላውን ጨመቀች።  ከዚያ ያችው የሰገነቷ ሴት፣ አሁን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦

"ሶዳው ያቃጥላል አይደል፣ እናቴ?"

አክስቴ ቀና ሳትል፣ "ሰኞ እስኪመጣ ይሽራል፣ ልጄ" አለቻት።

ማንም አልሳቀም። መጋረጃው ሲወርድ ጭብጨባው ከላይ ጀመረ።

ጨዋታው ሁሉ ካለቀ በኋላ ጓንቷን አቀበልኳት። አልተቀበለችኝም።

"ለዚያች ሴትዮ ምን ብለሻት ነው እናቴ ያለችኝ?"

ልምልላት አፌን ስከፍት፣ የምታየው እኔን ሳይሆን የተሰነጠቀ መዳፏን መሆኑን አስተዋልኩ። መሐላዬን ተውኩት። እጇን ሳትሸፍን ዝናቡ ውስጥ ወጣች፤ ጓንቶቹን ይዤ ከኋላዋ ተከተልኩ።