በቅዳሴ የሚጠራው ስም

ወንድሜ መሞቱን የሰማሁት ይፋግ ገበያ ላይ ነው። ሁለት በግ እየጎተትኩ ገና መግባቴ ነበር። ደሳለኝ የሚባል አጋሰስ ነጂ፣ በዚያው ሳምንት ከደብረ ታቦር እስር ቤት የተለቀቀ፣ በሰው መካከል ፈልጎ አገኘኝ።

«የላይ አምባው ዲያቆን ወንድም አንተ ነህ?»

«ነኝ» አልኩት።

«እግዜር ያጥናህ።»

በጎቹ ገመዱን እየሳቡ አስቸገሩኝና መጀመሪያ እነሱን ከአንድ ግንድ ጋር አሰርኩ። ከዚያ መቼ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ሐሙስ ጠዋት፣ ያለፈው ሳይሆን የዚያ በፊቱ። ተስቦ ነው። ብዙ ሰው ጨርሷል።»

ብቆጥረው ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። በዘጠኙ ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ በሶ ልኬለት ነበር። ዘበኞቹ ሁለቱንም ጊዜ ተቀብለዋል።

ስለ ወንድሜ አሁን ብዙ ይወራል። ጀግና ነበር የሚሉ አሉ፤ ግትር ነበር የሚሉም አሉ። እኔ አብሬው ስላደግሁ የማውቀውን ብቻ እጽፋለሁ።

ዲያቆን ገብረኪዳን ሲሞት ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር፤ እኔ በስድስት ዓመት እበልጠዋለሁ። ቤታችን ጉና ግርጌ ነው፤ ከላይ አምባ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ይታያል። ገብስ እናርሳለን። እርሻ ላይ ደካማ ነበር። ሞፈሩን ይዞ ዜማ ሲያንጎራጉር ራሱም ይቆማል፣ በሬዎቹም ይቆማሉ። ሚስቱ እመቤቴ «በሬዎቹንም ዲያቆን አደረግሃቸው፤ ቆሞ መስማት እንጂ ሥራ የላቸው» ትለው ነበር። ቅስና ሊቀበል ወደ ሸዋ፣ ጳጳሱ ዘንድ ሊወጣ ስንቁ ተሰናድቶ ሳለ ጦርነቱ መጣ። ስንቁን ወደ ጦርነቱ የሄዱት በሉት፤ እሱም ዲያቆን እንደሆነ ቀረ።

በቅዳሴው መካከል ዲያቆኑ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሊቀ ጳጳሳቱን ስም የሚጠራበት ቦታ አለ። ከጥንት ጀምሮ መጀመሪያ የሚጠሩት የእስክንድርያው አባት ናቸው፤ ቀጥሎ እሳቸው የላኩልን ጳጳስ ይጠራሉ። ከሕዝቡ ብዙው ይህን ልብ ብሎ አይሰማውም ነበር። እኔ ራሴ ስንት ዓመት ስሰማው እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ የማስበው ጾም ስለመፍታት ነው።

ጣሊያን አገሩን ከያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ በ፲፱፻፴ ጥር ወር፣ የአካባቢው ቄሶች ወደ ደብረ ታቦር ተጠሩ። የእኛ ደብር አስተዳዳሪ መምሬ ሀብተማርያም አንድ ወረቀት ጥምጥማቸው ውስጥ ሸጉጠው ተመለሱ። ከእንግዲህ ከእስክንድርያ ጋር ተለያይተናል ይላል፤ የቤተ ክርስቲያኑ አለቃ እዚሁ ተሹሟል፤ በቅዳሴ የሚጠራውም የእሱ ስም ብቻ ነው። ለአስተርእዮ ማርያም በዓል የሚያዳምጥ ሰው ይላካል።

«ጠሪው አንተ ነህ» አሉት ወንድሜን፣ ወረቀቱን እየሰጡት። «እኔ ውስጥ ሆኜ በለሆሳስ ነው የምጸልየው። ሕዝብ የሚሰማው አንተን ነው።»

«እርስዎ ምን ይላሉ አባ?»

«እኔማ ሽማግሌ ነኝ፣ ልጄ። እኔ የምለው ሳላይ ብሞት ጥሩ ነበር ነው።»

በማግስቱ አውድማ ላይ ገብስ ስንወቃ የአጎታችን ልጅ ካሳሁን ከጉና ወረደ። ጣሊያን ከገባ ጀምሮ ሸፍቶ ዱር ነው። ጠመንጃውን በጋቢው ሸፍኖ ነዶው ላይ ተቀመጠ።

«ስም ልትቀይር ነው አሉ፣ ዲያቆን።»

«የማንን? የኔንማ ገብረኪዳን ይበቃኛል።»

«አትቀልድ። የነሱን ሰው ስም እዚያች ደብር ውስጥ ከጠራህ ከባንዳ አልለይህም። ዘመዴ ነው ብዬም አላልፍህም።»

«ባልጠራስ እነሱ የሚያልፉኝ ይመስልሃል?»

«ዱር ግባ። ዱሩ ሰፊ ነው።»

«ደብሩን ማን ይቀድስላቸዋል፣ ካሳ? ታቦቱን ተሸክሜ ልግባ?»

ካሳሁን ከነዶው ላይ ተነሳ። አንድ እፍኝ ገብስ ዘግኖ እየፈተገ ሄደ። ወንድሜ ከላይ በሽፍቶቹ፣ ከታች በጣሊያን ተይዞ ነበር። ቀኑ ሊደርስ የቀረው አራት ቀን ነው።

እኔ ነገሩ አልገባኝም ነበር፤ አሁን መደበቅ አያስፈልግም። ካሳሁን ከሄደ በኋላ «የራሳችን ሰው አለቃ ቢሆን ምን ክፋት አለው?» አልኩት። «አባቶቻችን ከባሕር ማዶ ጳጳስ ሲለምኑ ኖሩ። እንኳን ቀረ።»

«ክፋት የለውም። እኔም እመኘዋለሁ» አለ። «ግን እስክንድርያና እኛ ተነጋግረን፣ ተመራርቀን ሲሆን ነው። ይሄንን ያደረገው ማነው? ባለ መድፉ ነው። ዛሬ አለቃ የቆረጠልን ነገ ጸሎት ይቆርጥልናል።»

«ታዲያ የእኛ ራስ ግብጻዊው ናቸው?»

«አይደሉም፣ ወንድምዓለም። የቤተ ክርስቲያን ራስ ክርስቶስ ነው፤ ሌላ የላትም። እሳቸውም እንደኔና እንዳንተ ከአካሉ ናቸው። እሳቸው ዓይን ቢሆኑ አንተ ተረከዝ ነህ።»

«ለምን ተረከዝ?»

«ተሰነጣጥቀሃላ።»

ሳቅሁና መንሹን ወረወርኩበት። እሱ ግን ቀጠለ። «ስማቸውን የምንጠራው ስለሚገዙን አይደለም። አይተናቸው ከማናውቅ፣ ቋንቋቸውን ከማንሰማ ሰዎች ጋር አንድ አካል መሆናችንን በአፋችን እንድንመሰክር ነው። ያንን ስም በጉልበት ካስተዉን ብቻችንን ነን።»

ያን ጊዜ ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገርኩት። ጸሎተ ሃይማኖት ላይ «ወነአምን በአሐቲ ቅድስት ቤተ ክርስቲያን እንተ ላዕለ ኵሉ» ሲባል፣ ከሁሉ በላይ ያለችው የእኛዋ ላይ አምባ ማርያም ትመስለኝ ነበር። ከሁሉም ደብር ከፍ ብላ ኮረብታ ላይ ናትና።

እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «ታች ጋፋት ያሉትስ ምን የሚሉ ይመስልህ ነበር?»

«ወደ እኛ አንጋጠው የሚሉት።»

«በሁሉ ያለች ማለት እኮ ነው! በዓለም ሁሉ ያለች። ላይ አምባም፣ ጋፋትም፣ እስክንድርያም።»

«ጣሊያን አገርም?»

ሳቁን አቆመ። «የነሱን ሃይማኖት ተወው። ክርስቶስ የሞተው ግን ለነሱም ነው።» ከዚያ ተነስቶ በሬዎቹን ነዳ። ምን እንደሚያደርግ ግን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

በአስተርእዮ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ሞላ። ሰው የመጣው ለማርያም ብቻ አልነበረም። ደምሴ የሚባለው የጣሊያኑ አስተርጓሚ ከሁለት ባንዶች ጋር መጥቶ ከወንዶቹ በር አጠገብ ቆመ። ባንዶቹ ጠመንጃቸውን ውጭ አስቀምጠዋል። ከካሳሁን ሰዎችም ሁለቱን በጋቢ ተሸፋፍነው አየኋቸው። ቅዳሴው ሲጀመር ወንድሜ በቃሉ የሚያውቀውን ቅዳሴ መጽሐፍ ገልጦ መያዙን አስተዋልኩ። ምክንያቱን አላወቅሁም።

ቦታው ሲደርስ ሳል እንኳ ቆመ። መቋሚያውን በሁለት እጄ ያዝሁ። ድምፁ ጥርት ብሎ መጣ።

«በእንተ ብፁዕ ወቅዱስ ሊቀ ጳጳሳት አባ እገሌ…»

በቅዳሴ መጽሐፍ ውስጥ የስሙ ቦታ ላይ በቀይ ቀለም የሚጻፈው «እገሌ» ነው። ጳጳስ ሲሞት ሌላ ይተካልና ጸሐፊው ስም አይጽፍበትም፤ ዲያቆኑ በዘመኑ ያሉትን ስም ተክቶ ይጠራል። ወንድሜ ግን የተጻፈውን እንዳለ አነበበው። ከኋላዬ አንዲት አሮጊት «እገሌ ማናቸው? አዲሱ ናቸው?» ሲሉ ሰማሁ። ሌላዋ «ዝም በይ፣ ሹም ናቸው» አለቻቸው። ወንድሜ ቀጥሎ ያለውን እያነበበ አለፈ።

ከቅዳሴ በኋላ ደምሴ ደጀ ሰላሙ ላይ ጠበቀው። ጎንደር ያደገ፣ ቀጭን፣ ንጹሕ ሰው ነው።

«ማንን ነው የጠራኸው፣ ዲያቆን?»

«መጽሐፉ የጠራውን።»

«እስቲ አሳየኝ።»

ገልጦ አሳየው። ደምሴ ቀዩን ፊደል በጣቱ ነካው፣ ሳቀም። «እኔም ቅዳሴ ተምሬያለሁ እኮ። እገሌ ብዬ ባነብ የኔታ ጆሮዬን ይመዘልጉት ነበር።» ከዚያ ወደ ባንዶቹ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዛሬ ስሙ ተጠርቷል ብዬ ለጣሊያኑ ሹም እነግረዋለሁ። ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ግን ሹሙ ራሱ ይመጣል። ስሙን ከወረቀቱ ላይ ለይቶ ያውቀዋል። ያን ጊዜ እገሌ የሚባል ሰው የለም። ተግባባን?»

«ተግባብተናል።»

የካሳሁን ሰዎች ሳይሳለሙ ሄዱ። አንዱ በአጠገቤ ሲያልፍ «ፈሪ ወንድም አለህ» አለኝ።

እመቤቴ ግን ደስ ብሏት ነበር። «ከሁለቱም አመለጥክ፤ ማርያም ናት» አለችው። ወንድሜ ያቀረበችለትን አልበላም። «አላመለጥኩም» አለ። «ስም ሲጠየቅ ስም ደበቅሁ። ደግሞም በእግዜር ፊት።»

«የተጻፈውን ነው ያነበብከው።»

«እመቤቴ፣ አባትህ ማነው ብለው ቢጠይቁኝ እገሌ እላለሁ? እገሌ የሚባል አባት የለኝም።»

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት እንደ ልማዱ ሠራ። አጥር አጠረ፣ የተበጠሰ ጠፍር ጠገነ። ሁለት ጊዜ ዱር ግባ ብዬ ለመንኩት። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ተቆጥቼ እመቤቴን መበለት ልታደርጋት ነው ወይ አልኩት። ይህን በማለቴ እስካሁን አዝናለሁ። «ብሸሽ ሌላውን ዲያቆን ነው የሚይዙት» አለኝ እንጂ አልተቆጣም።

በኪዳነ ምሕረት ዕለት ጣሊያኑ ሹም መጣ። ጫማውን በር ላይ አውልቅ ሲሉት አወለቀ፤ ይህን መናገር ተገቢ ነው። ደምሴ ከጎኑ ቆሞ ወለሉን ያያል። ወንድሜ መጽሐፍ አልያዘም። ቦታው ሲደርስ የእስክንድርያውን ሊቀ ጳጳሳት በስማቸው ጠራ። ጮክ አላለም፤ እንደ ድሮው አደረገው። ሹሙ ወደ ደምሴ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀ። ደምሴ አይደለም በሚል ራሱን ነቀነቀ። ሕዝቡ እንደ አንድ ሰው ሰገደ፤ ከፍርሃት ይሁን ከሌላ አላውቅም።

እስኪፈጸም ጠበቁት። ቆርቦ፣ አፉን ሸፍኖ ሲወጣ በሩ ላይ ያዙት።

«የቤተ ክርስቲያናችሁ ራስ ማነው? ይላል» አለ ደምሴ።

«ክርስቶስ።»

ተረጎመ። ሹሙ በአንገቱ ያለውን ትንሽ መስቀል እያሳየ ተናገረ።

«በእሱማ እኛም እናምናለን፤ በምድር ያለውን ነው የጠየቅሁህ ይላል።»

«በምድር ያለው አካሉ ነው። መስቀል ካሰረ ጠይቀው፤ አሁን የሚያስረው የማንን እጅ ነው?»

ደምሴ ይህን አልተረጎመውም። «አልገባውም» ብቻ አለ፤ ለማን እንዳለው አልታወቀም። ወሰዱት።

ደብረ ታቦር እስር ቤት ልጠይቀው ሄጄ ሁለት ጊዜ አስገቡኝ። በሁለተኛው ከስቶ ነበር፤ ነገር ግን ስለ ቀዩ በሬ እግር ጠየቀኝ። ደምሴ መጥቶ «አንዴ ብቻ እገሌ በል፤ ቀሪውን እኔ እተረጉመዋለሁ» እንዳለው ነገረኝ።

«ታዲያ ምን አልከው?»

«እግዜር ይስጥልኝ አልኩት። ከልቡ ነው። ግን አንዴ ብዬው አይተሃል፤ እንጀራ አልወርድ አለኝ።»

ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ከይፋግ ተመልሼ ለእመቤቴ ነገርኳት። በጎቹን ሳልሸጥ መመለሴን አይታ ቀድማ አውቃዋለች። ካሳሁን ከጉና ወርዶ እደጃችን ላይ ቆሞ አለቀሰ። እመቤቴ ግባ አላለችውም፤ ሂድም አላለችውም።

ለፍትሐት መምሬ ሀብተማርያም ዘንድ ሄድኩ። ከየካቲት ወዲህ ላይ አምባ ማርያም ቅዳሴ የለም፤ ሌላው ዲያቆን ሸሽቷል። «ፍትሐቱን ብጀምር ቅዳሴውን መጨረስ አለብኝ» አሉኝ። «ቅዳሴው ውስጥ ያ ቦታ አለ። አዲሱን ብጠራ ልጄን ሁለተኛ መግደሌ ነው። የድሮውን ብጠራ ደብሩን ያቃጥሉታል። ምን ላድርግልህ?» ምን እንደሚያደርጉልኝ አላውቅም ነበርና እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።

ታች ያሉት ደብሮች አዲሱን ስም እየጠሩ ይቀድሳሉ። ከመካከላቸው አንዱ አዝኖ፣ እኛ እናድርግለት ብሎ ላከብን። ለእመቤቴ ነገርኳት። «በዚያ ስም አይሆንም» አለች። እኔም ልጫናት አልቻልኩም።

አርባው አልፏል። ፍትሐቱ እስካሁን አልተደረገለትም።