ያልተዘረጋው ክንድ

ዛሬ ጭሮ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ የልጄን የክርን ጀሶ ቆርጦ ሲከፍተው፣ ታፍኖ የከረመ ቆዳ ሽታ ወጣ። ሽታውን አውቀዋለሁ።

በደርግ ጊዜ፣ ልጅ ሆኜ፣ ቦኬ ገጠር ውስጥ ማሽላ ከወፍ ስጠብቅ ከማማው ላይ ወድቄ ክርኔ ወለቀ። እናቴ አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ ሆስፒታል ልትወስደኝ ፈልጋ ነበር፤ መኪና የሚመጣው ግን በገበያ ቀን ብቻ ነበር። ስለዚህ ወጌሻዋ አዴ ፋጡማ በቅቤ አሽተው መለሱትና በሸንበቆ አሰሩት። ሲፈቱት ይኸው ሽታ ነበረው።

«በይ ኢንተላ ኮ፣ በይ ልጄ፣ እጅሽን ወደ አፍሽ ውሰጂ» አሉኝ። በእሳቸው ዘንድ መዳን የሚታወቀው በዚህ ነበር፤ እጁ አፉ የደረሰለት ሰው ድኗል። ጣቶቼ ከንፈሬን ሲነኩ እልል አሉ።

እናቴ ግን «አዴ ፋጡማ፣ አይዘረጋም እኮ!» አለቻቸው።

«ምን ሊያደርግላት ይዘርጋ? ልትለምንበት ነው?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ደክሟቸው ግድግዳውን ተደገፉ። «እኔ የማውቀውን ያህል መለስኩት። የቀረውን እያደገች ትልመደው።»

እናቴ እስክትሞት ድረስ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ስታለብሰኝ ኖረች። እኔ ለምጄዋለሁ፤ ልብስ አጥቤ ገመድ ላይ ሳሰጣ ብቻ ይደክመኛል።

«እስቲ ዘርጊው» አላት ሐኪሙ ልጄን።

ልጄ ክንዷን ትታ የእኔን ፊት አየች። እኔም ፊቴን ምን እንደማደርገው ጠፋኝ።