ቢጫው ባቄላና የእኔ ምክር

ከፈረስ ቤት ከተማ በእግር አንድ ሰዓት በሚያስኬድ ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ሆኜ ስመደብ ገና ከኮሌጅ መውጣቴ ነበር። ሰብል የማውቀው ከደብተር ነው። አስተምር የተባልሁት ደግሞ ከእኔ ዕድሜ በላይ ያረሱ ሰዎችን ነበር፤ እኔም ሳላፍር አስተማርሁ።

በዚያ ክረምት ለመስክ ቀን የተመረጠው የአንድ ሞዴል አርሶ አደር የባቄላ ማሳ ነው። ባለቤቱ ባለሙያ የተናገረውን መሬት የማይጥሉ ሰው ነበሩ፤ መጥፎ ዕድላቸውም ይኸው ሆነ። ነሐሴ ላይ ከማሳው ዳር ያለው ባቄላ ቢጫ ሆነ፤ ቅጠሉ ተጠቀለለ፤ ተክሉ ቀጨጨ።

“የማዳበሪያ እጥረት ነው፤ ዩሪያ ይጨምሩበት” አልኋቸው።

“ለባቄላ?” አሉ ዝግ ብለው። “እርስዎ ካሉ እሺ።”

ድንበርተኛቸው አንዲት ባልቴት ነበሩ። በእሳቸውም ማሳ ቢጫው ጣል ጣል ብሎ ነበር። እሳቸው ግን በየጧቱ እየገቡ የታመመውን ከነሥሩ ይነቅሉና አርቀው ይቀብራሉ። ስብሰባ ላይ፣ “ቡቃያ መንቀል ኋላ ቀር አሠራር ነው” ብዬ ተናገርሁ። ስማቸውን ባልጠራም ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

“ደግ ብለሃል ልጄ” አሉኝ። በማግስቱ ሲነቅሉ አገኘኋቸው።

መስከረም ሲያልቅ የሞዴሉ ማሳ ዳር እስከ ዳር ቢጫ ለበሰ። የባልቴቷ ማሳ ግን አበባ ላይ ነው። የመስክ ቀኑ እንግዶች ከፍኖተ ሰላም ተነሥተዋል ሲባል እኔና ሊቀ መንበሩ “የሞዴል ማሳ” የሚለውን ታፔላ ነቅለን ባልቴቷ ማሳ ላይ ተከልነው።

የመጡት ኃላፊ በጣም ተደሰቱ። “እናቴ፣ ይኸን ውጤት እንዴት አመጡት?”

ባልቴቷ ወደ እኔ አዩ። “ይኸ ልጅ የነገረኝን አንድም ሳላስቀር ነቅሼ አወጣሁ፤ ጌታዬ።”

ኃላፊው ምስጋና መስሏቸው አጨበጨቡ። እኔ ገብቶኛል፤ አንገቴን ደፋሁ።

ከእንግዶቹ ጋር የመጣ አንድ ተመራማሪ ወደ ቢጫው ማሳ ተሻግሮ ቅጠል ገለበጠ። ከጀርባው ክሽክሽ የሚሉት ጥቃቅን ጥቁር ተባይ ተኮልኩሏል።

“ቫይረስ ነው” አለ። “ክሽክሹ ከታመመው ተክል ቫይረሱን ይመጥጥና ወደ ጤነኛው ይዞት ይሄዳል። ቫይረሱ ምግብ የሚተላለፍበትን ቧንቧ ይዘጋዋል፤ ቅጠሉ ያዘጋጀው ምግብ እዚያው ይቀራል፤ ተክሉ ቢጫ ሆኖ ይሞታል። መድኃኒት የለውም። የታመመውን ቶሎ መንቀል ነው። ዩሪያ ግን ቅጠሉን ያለሰልስና ክሽክሹን ይጋብዛል። ለመሆኑ እዚህ ዩሪያ የጨመረው ማነው?”

ሞዴሉ አርሶ አደር አጠገቤ ቆመው ነበር። ዞር ብለው አላዩኝም። “እኔ ነኝ” አሉ።

ባልቴቷ አካፋ ተሸለሙ። እኔ ደግሞ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፤ ያንኑ ዓመት ቡሬ ተልኬ የታመመ ተክል መንቀልን ለሌሎች ባለሙያዎች አስተማርሁ። ከየት እንደተማርሁት የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም አልተናገርሁም።

ስመለስ ሞዴሉ ቤት ይቅርታ ልጠይቅ ሄድሁ። ባቄላው ሳይደርስላቸው፣ ለዘር እንኳ ሳይተርፍ ነው የቀረው። ቁጭ በል ብለው ጠላ ቀዱልኝ፤ “እርስዎ” ማለቱን ትተውት ነበር። ስለ መጪው ዘር ልመክራቸው ስጀምር ከመደቡ ተነሡ።

“አንተ ጠጣ” አሉኝ። “እኔ ሴትዮዋን ጠይቄ ልምጣ።”

ጠላዬን አስቀምጬ ተከተልኋቸው።