የአዴ ጉደቱ መንጋጋ

አማቴ አዴ ጉደቱ በአካባቢው የሚታወቁት በቀኝ መንጋጋቸው ነበር። ከወለንጭቲ ወዲህ ባለው በእኛ ሜዳ ነጭ ቦሎቄ የዘራ ሰው ሁሉ ምርቱን ወደ ማኅበሩ መጋዘን ከማስገባቱ በፊት እሳቸው ፊት ያቀርባል። አንዲት ፍሬ አንስተው ይነክሷታል። ቀጭ ብላ ከተሰነጠቀች «ደርቋል፣ ጆንያውን ስፋው» ይላሉ። ጥርሳቸው ፍሬዋ ውስጥ ሰርጎ ምልክት ከተወ ደግሞ «ገና ነው፣ መልሰህ አስጣው» ይላሉ። ይግባኝ የለም። የማኅበሩ ሊቀመንበር ኦቦ ነገዎ እንኳ አንድ ዓመት ሁለት ጊዜ መልሰውበት ጆንያውን ተሸክሞ እያጉረመረመ ሄዷል።

ሹመቱን ማንም በነጻ አልሰጣቸውም። ከአርሲ በኩል ሙሽራ ሆነው በመጡበት ዓመት፣ ሰዉ ቦሎቄውን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቤት ውስጥ አጠራቀመ። እሳቸው አንዷን ፍሬ ቀምሰው «የዚህ ሰውዬ እርጥብ ነው፣ አታስገቡት» ቢሉ ወንዶቹ ሳቁ። «ሙሽራ ደግሞ ስለ ቦሎቄ ምን አግብቷት!» አሏቸው። በሦስተኛው ሳምንት መጋዘኑ ሲከፈት ሙቀቱ ፊት ይገርፍ ነበር። እርጥቡ ደረቁን አሙቆ፣ ነጩ ሁሉ የሻይ ቀለም ይዞ ሻግቷል። ነጭ ቦሎቄ ገዢ እንዲህ ያለውን በነጻም አይወስድም፤ የስንት ሰው የዓመት ላብ አፈር በላው። ከዚያ ወዲህ ያለ አዴ ጉደቱ ጥርስ አንድም ጆንያ ተሰፍቶ አያውቅም።

እኔ የልጃቸው የቶለሳ ሚስት ነኝ፤ ስሜ ሌንሴ ይባላል። በመጣሁ ሰሞን ዝናብ ባደረ ጠዋት ትጉህ ልምሰል ብዬ አረም ላርም ገባሁ። በጩኸት አስወጡኝ። «ቅጠሉ እርጥብ ሲሆን ምን አስገባሽ? በሽታውን በቀሚስሽ እየጎተትሽ ማሳውን ሁሉ ልታዳርሺ ነው?» ጥቅምት ላይ ደግሞ እኚሁ ሴትዮ ገና ሳይነጋ ቀሰቀሱኝ፤ ቦሎቄው ጤዛ እንደያዘ ካልተነቀለ፣ ፀሐይ ሲጠነክር ቆባው እየፈነዳ ፍሬው ይረግፋል። «ሲያድግ እርጥቡን አትንኪ፣ ሲደርስ ደረቁን አትንኪ» አሉኝ። ባል ያገባሁ መስሎኝ ቦሎቄ ነበር ያገባሁት።

ዘንድሮ ምርቱ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ቆሎ ሲቆረጥሙ ያ መንጋጋ ጥርሳቸው ወለቀ። የግራዎቹ ቀድመው አልቀዋል፤ የቀሩት የሚነቃነቁ የፊት ጥርሶች ብቻ ነበሩ።

«ትንፍሽ ብትዪ!» አሉኝ።

«ለቶለሳም?»

«በተለይ ለእሱ! የእሱ አፍ ወንፊት ነው።»

«ለኦቦ ነገዎ ይንገሯቸውና ሌላ ነካሽ ይፈለጋ፣ አዴ።»

«ነግሬ ምን ልሁን? ከእንግዲህ ማን ሊጠራኝ?» አሉ። አንጀቴን በሉት። አፌን ዘጋሁ፤ መዝጋት እንዳልነበረብኝ ግን ያኔም አውቀው ነበር።

ቀኑ ደረሰና መጋዘኑ ደጃፍ ተሰበሰብን። አማቴ ከየጆንያው አንድ ፍሬ አፋቸው ውስጥ ከተው፣ ከንፈራቸውን ገጥመው አገጫቸውን ያንቀሳቅሳሉ። «ደርቋል» ይላሉ። የአራት ሰው ምርት እንዲህ አለፈ፣ ተሰፋ፣ ገባ። የሚዋሹት እሳቸው፣ ላቡ የሚወርደው ግን በእኔ ጀርባ ነበር።

አምስተኛው የእኛ ነበር። ባሌ ቶለሳ ደግ ሰው ነው፤ ግን ሲበላም፣ ሲያርስም፣ ሲያወራም ይቸኩላል። ሌላው ከወቃ በኋላ ሳምንት ሲያሰጣ የእኛ ሁለት ፀሐይ ብቻ ነው ያገኘው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ስለው «የገዢው መኪና ነገ ነው የሚጭነው፤ ዛሬ ካልገባ ይቀራል» አለኝ። መኪናው ደግሞ እንደገና መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም።

አዴ ጉደቱ የልጃቸውን ፍሬ አፋቸው ውስጥ ይዘው ቆሙ። ቆዩ። ከዚያ መዳፋቸው ላይ ተፏት፤ ሳትነካ ድፍን ናት።

«ነገዎ፣ ያስገባችሁትን አራቱንም አውጡ» አሉ። «የምነክስበት ጥርስ የለኝም። ከወለቀ ሳምንቱ ነው።»

«ታዲያ አራቱን በምን አሳለፍሽ?» አለ ኦቦ ነገዎ ፊቱ ጠቁሮ።

«ባለቤቶቹን አውቃቸዋለሁ። ደንቢ ታጋሽ ነው፣ ሳያደርቅ አያመጣም አልኩ። ሌሎቹንም እንዲሁ። የፈረድኩት ለሰዎቹ ነው፣ ቦሎቄውን አላየሁትም። ይሄ ደግሞ የልጄ ነው። ላምነው ፈለግኩ፣ አቃተኝ።»

ከኋላ ሁንዴ የሚባለው ቀልደኛ «በቦሎቄ ሥራ ጥርሳቸውን ነቅለዋል ሲባል እውነት ነው ለካ!» አለ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ኦቦ ነገዎ አልሳቀም።

«ቢሞቅስ ኖሮ? ቢያቃጥለንስ ኖሮ፣ ጉደቱ?»

«ስደበኝ፤ መብትህ ነው። መጋዘኑን ግን አትዝጋው» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ሌንሴ፣ ነይ ንከሺ።»

ከቶለሳ ጆንያ አንድ ፍሬ አነሳሁ። ባሌ አየኝ። ዓይኑ «መኪናው!» ይለኝ ነበር። ነከስኩ። ጥርሴ እንደ ሰም ገባበት። እዚያ ከቆመው ሰው ማንም አይሰማም፤ ድምፁ መኖር አለመኖሩን የሚያውቀው ነካሹ ብቻ ነው። ደርቋል ብዬ ብውጣት ማን ያውቅብኛል? እውነቱን ልናገር፣ ይሄ በልቤ አልፏል።

«ገና ነው» አልኩ። «መልሰህ አስጣው።»

«አንቺም?» አለኝ ቶለሳ። ጆንያውን እየጎተተ ወደ ዳር ወሰደው፤ ከዚያ በኋላ አንድም ሰው ንከሻዬን አልተከራከረም።

የአራቱ ጆንያ ስፌት ተፈታ። አዴ ጉደቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ አንዱን በነከስኩ ቁጥር እንደ ልጅ «ምን አለ?» ይሉኛል። የመጀመሪያው ቀጭ አለ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። አራተኛው የደንቢ ነበር። የታጋሹ። ነከስኩት፣ ዝም አለ። ሌላ አንስቼ ደገምኩ፣ እሱም ዝም።

«ምን አለ?»

«ገና ነው፣ አዴ።»

ደንቢ ራሱን እያከከ «ሌሊት ሸራው አፍስሶ ይሆናል፣ እኔም አላየሁት» አለ። አማቴ ተነስተው ሄዱና የደንቢን ጆንያ በአንድ ጆሮው ያዙ። «ተዉ፣ ከባድ ነው» ቢሏቸው አልለቀቁም። ቶለሳ መጥቶ ሌላውን ጆሮ ያዘ፤ እናትና ልጅ እየጎተቱ ወደ ፀሐዩ አወጡት።