ሰላም ሳይል የሚወርድ ሰው

አላምረው መንገድ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። ሌላ ሰው ቀጭን የእግር መንገድ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ሲጠፋ ቢያይ ወደ አንዱ ቤት የሚወስድ ይሆናል ብሎ ይተወዋል። አላምረው ግን ካልገባበት፣ ገብቶም መጨረሻውን ካላየ እንቅልፍ አይወስደውም። ይህ ጠባዩ በልጅነቱ ብዙ ጊዜ አስገርፎታል። አባቱ ከጎንደር ደብሮች በአንዱ ድጓ የሚያስተምሩ መሪጌታ ነበሩ። ልጄ ማኅሌት ቆሞ ያድግልኛል ሲሉ፣ እሱ የማያውቀውን መንገድ ፍለጋ ከከተማ ወጥቶ ይውልና አመሻሽ ላይ እሾህ የቧጨረው እግሩን ይዞ ይመለሳል። ተቆጡት፣ መከሩት፣ አልሆን ሲላቸው ጠበል ወሰዱት። እሱም ከጠበሉ ወደ ቤት የሚያመጣ ሌላ አቋራጭ አግኝቶ አባቱን ቀድሟቸው ገባ።

አሁን ሠላሳዎቹን አጋምሶ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ጎሚስታ ከፍቷል። ቀኑን የባጃጅና የሚኒባስ ጎማ ሲፈታ፣ ካላማዳሪያ ሲለጥፍ ይውላል። እጁ ሥራው ላይ ነው፤ ዓይኑ ግን ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ከሚታየው ጥዶ አፋፍ ላይ አይነቀልም። ጥዶ አፋፍ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ኮረብታ ነው። አናቱ ላይ ትንሽ ገብርኤል አለ፤ ዙሪያውን ጥድና ወይራ ከቦታል። ዝቅ ሲል ባሕር ዛፍ ነው፣ ከባሕር ዛፉ በታች ደግሞ የገበሬዎች ማሳና ቤት ይጀምራል። ከአናቱ እስከ ግርጌው ሳይቋረጥ የሚወርድ መንገድ ግን አልነበረም። እዚህ የከብት መንገድ ይጀምርና ገደል አፍ ላይ ይቆማል፤ እዚያ እንጨት ለቃሚ የረገጠው ዱካ ብቅ ይልና ቁጥቋጦ ይውጠዋል። እነዚህ ሁሉ ቢገናኙስ የሚል ሐሳብ አንድ ቀን ጭንቅላቱ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ አላምረው እረፍት አላገኘም።

ሳይክሉን ከሞቱ ሳይክሎች አካል ለቃቅሞ ነው የሠራት። ወፍራም ጎማ አላት፤ ድንጋይ ሲያጋጥማት ፊቷን ሸብረክ አድርጋ ቀና ትላለች። ሥራው ሲቀል እሷን እየገፋ ኮረብታው ላይ ይወጣል፤ ዶማም ይይዛል። ኋላ ላይ ዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ የምታስተምር ፀደይ የምትባል ልጅ ጎማ ልታስጠግን መጥታ፣ ስለ ጥዶ አፋፍ ሲያወራላት ሰምታ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ የራሷን ዶማ ይዛ ብቅ አለች። ፀደይ ትዕግሥት የላትም፤ ሁሉም ነገር ዛሬ እንዲያልቅ ትፈልጋለች። እሱ ደግሞ አንድ ጥምዝ ላይ ተቀምጦ ዝናብ ሲመጣ ውሃው በየት በኩል ያመልጥ ይሆን እያለ ግማሽ ቀን ያሳልፋል። እየተነታረኩ ሦስት በጋ ሠሩ። እርጥብ ዛፍ አልቆረጡም። መንገዱን በጥዶቹ መሐል አጠማዝዘው፣ ድንጋይ ደርድረው፣ ጎርፍ ማፋሰሻ ቆፍረው ከገብርኤል ጀርባ እስከ ባሕር ዛፉ፣ ከባሕር ዛፉ በማሳዎቹ ዳር እስከ ቀሐ አወረዱት።

አላምረው ዲቁናውን አልጨረሰም፤ ትምህርቱን አቋርጧል፤ ትዳርም ጀምሮ ፈርሶበታል። ይህን መንገድ ግን ጀምሮ ጨርሶታል። ከላይ ለቀቅ አድርጎ የጥዱ ሽታ ፊቱን ሲመታው፣ መሬቱ ከጎማው ሥር ሲንሸራተት፣ በሕይወቱ አንድ ነገር እንደተሳካለት ይሰማዋል። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ የሚያየው ሰው ግን ከፊቱ ያነበዋል።

እንግዲህ ጣጣው የመጣው ከጨዋነቱ ነው። ሳይክሏ መጀመሪያ ደወል ነበራት፤ ፈትቶ ጣለው። ሽማግሌን ቃጭል እያንቃጨሉ እንደ በግ ከመንገድ ማስወጣት የባለጌ ሥራ ነው ብሎ ያምናል። ሰላምታውም ቢሆን አስቸግሮት ነበር። አባቱ በበቅሎ ሲሄዱ ሰው ባገኙ ቁጥር ይወርዳሉ፤ ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ሰላም የሚል ሰው የሰደባቸው ያህል ያስቆጣቸው ነበር። ታዲያ ቁልቁለት ላይ ማን ይወርዳል? ከላይ ሆኖ እንደ ጌታ እንደምን ዋላችሁ ከማለት አንገትን ደፍቶ ዝም ብሎ ማለፍ ይሻላል ብሎ ወሰነ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሳይክል ተከትለውት መውረድ የጀመሩትንም፣ ፀደይንም ሌሎቹንም፣ እንደዚያው አስተማራቸው። ገብርኤል ጋ ሲደርሱ ብቻ ሁሉም ወርደው፣ ተሳልመው፣ ሳይክላቸውን እየገፉ ያልፋሉ።

በኅዳር ወር በአንዱ ቅዳሜ አላምረው ብቻውን ሲወርድ ከባሕር ዛፉ በታች ጭራሮ የተሸከሙ አንዲት ባልቴት አገኘ። አንገቱን ደፍቶ በዳር በኩል አለፋቸው። ትንሽ እንደሄደ ዞር ሲል፣ ሴትዮዋ ጭራሯቸውን ጥለው፣ እጃቸውን እያወናጨፉ በሩጫ ይከተሉታል። የሚሉት በነፋሱ አልተሰማውም። ምን አጠፋሁ ብሎ ደነገጠ፣ ከዚያ ፔዳሉን ረገጠና ጠፋባቸው። ጎሚስታው ጋ ሲደርስ የጥዶ አፋፍ አሮጊት ልትቀድመኝ ነበር ብሎ ለፀደይ አወራላት፤ ሻይ እየጠጡ ሳቁ።

በሳምንቱ ሲወጡ መንገዱ ተዘግቶ አገኙት። ከታች ማሳው ዳር፣ መሐል ላይ፣ ከላይም ጥዶቹ መግቢያ ላይ የግራር እሾህ ተጎትቶ ተጋድሟል። ፀደይ ጎትታ ልትጥለው ስትል አላምረው እጇን ያዛት። ሰው ያጠረው አጥር ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይነሳም አላት። ሦስት በጋ የለፋበት ነገር እዚያ እሾህ ሥር ተኝቷል፤ ምክንያቱን ደግሞ አያውቅም። ያላወቀው ምክንያት ከእሾሁ በላይ ወጋው።

መጠየቅ ጀመረ። ሳይክሉን ትቶ በእግሩ ከቤት ቤት ዞረ። በግ ገጭተን ይሆን? የገብስ ቡቃያ ረግጠን? ጎርፉን ወደ ሰው ማሳ መልሰን? ሁሉም አይደለም እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ያስገረመው ሌላ ነገር ነው፤ ቆሞ እንደምን ዋላችሁ ባለ ቁጥር ሰዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዱ ገበሬ እንዲያውም ሰላምታ ታውቃለህ እንዴ ብሎ ጠየቀው። አላምረው እንደመቀለድ ቆጥሮት ሳቀ፤ ሰውየው አልሳቀም። በመጨረሻ የአካባቢው ሽማግሌ የሆኑት አያ ክንዱ ጋ ደረሰ። አያ ክንዱ እሾሁን ያጋደመው ሰው ራሱ ይነግርሃል፣ እሁድ ቅዳሴ ሲወጣ ገብርኤል ደጅ ና ብለው አሰናበቱት።

እሁድ ጥድ ሥር ተሰበሰቡ። አላምረው ነጠላውን አጣፍቶ ቆመና ያዘጋጀውን መከላከያ አንድ በአንድ አቀረበ። አንድ እርጥብ ዛፍ አለመቁረጡን፣ ውሃውን በጥንቃቄ ማፋሰሱን፣ ቤተክርስቲያኑ ጋ ወርደው እንደሚሳለሙ ተናገረ። ሽማግሌዎቹ ጨርሶ እስኪቀመጥ ሰሙት። አያ ክንዱም ዛፍ ቆረጥክ ያለህ የለም አሉና ወደ ሴቶቹ ዞሩ። እኚያ ጭራሮ ተሸክመው የነበሩት ባልቴት ተነሡ። እማማ የትነበርሽ ይባላሉ፤ ቤታቸው ከባሕር ዛፉ ሥር፣ ከመንገዱ አጠገብ ነው።

"እዚህ አገር መርዶ የያዘ ሰው እንዴት እንደሚሄድ ታውቃለህ?" አሉት። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም።

አላውቅም አለ። እውነቱን ነው፤ ከተማ ውስጥ መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በር ተንኳኩቶ ነው።

"ሰላም አይልም። ሰላም ካለ 'ደህና?' ይሉታል። ደህና ቢል ዋሸ፤ አይደለም ቢል የሰው መርዶ መንገድ ላይ በተነ። ስለዚህ አንገቱን ደፍቶ ሩጫ ነው። ያየው ሰው መንገድ ይለቅለትና የማን ይሆን እያለ ይቀራል።"

አላምረው እጁ ላይ ያለውን የነጠላ ጫፍ ጨበጠ። እሳቸው ቀጠሉ።

"ልጄ ምንይችል ሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል። ከመስቀል ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም፤ ስልኩ አይጠራም። አንተ አንገትህን ደፍተህ፣ ሰላም ሳትል፣ ወደ ቤቴ ቁልቁል በረርህ። ጭራሮዬን ጣልኩ። ደጄ ላይ ይቆማል ስል አለፍህ። ንገረኝ እያልኩ ተከተልኩህ። ዞር ብለህ አየኸኝ፤ አይተኸኝ ሩጫህ ባሰ። ያን ጊዜ የኔ ነው አልኩ። ፊቴን ማየት ያልቻለው የኔ ቢሆን ነው አልኩ።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን አያ ክንዱ ናቸው የተናገሩት፤ እማማ የትነበርሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ነበር። ቀሐ ድረስ በእግራቸው ወረዱ። መርዶውን የያዘው ሰው የት እንደገባ የሚነግራቸው ሲያጡ ድልድዩ አጠገብ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አለቀሱ። ጎረቤት አግኝቶ ሲመልሳቸው እግራቸው አብጦ ነበር። በመንደሩ ደግሞ እሳቸው የመጀመሪያዋ አይደሉም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከጥዶቹ ውስጥ ዝም ያሉ ሰዎች ሲወርዱ፣ ልጇ ሩቅ ያለ እናት ሁሉ ሥራዋን ትታ ትቆም ነበር። ሳይክል መሆኑ አይጠፋቸውም፤ መርዶ ነጋሪም ቢሆን ዛሬ በምን ይመጣ እንደሆን ማን ያውቃል አሉ አያ ክንዱ።

ድልድዩ ከጎሚስታው ይታያል። እሳቸው እዚያ ሲያለቅሱ እሱ ሻይ ይዞ ይስቅ ነበር። አላምረው እንደገና ተነሥቶ ቆመ። በቅሎ ላይ ሆኖ ሰላም ማለት ነውር ነው ተብሎ ማደጉን፣ ላለመድፈር ብሎ ዝም ማለቱን እንደምንም አስረዳ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እሱስ ልክ ነው፣ የመሪጌታ ልጅ ነው አሉ፤ ሌሎቹም አዎ እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ማንም ያጠፋ እንደሌለ ሁሉም ገባቸው፤ ያ ግን ለማንም አልቀለለም። አላምረው ሄዶ እማማ የትነበርሽ እግር ላይ ወደቀ። ትከሻውን ይዘው አነሡት።

አያ ክንዱ እሾሁ የእርስዎ ነው፣ ይነሣ ወይስ ይቆይ ብለው ጠየቋቸው። እማማ የትነበርሽ መንገዱን አዩት።

"ይነሣ" አሉ። "እኔም ማን እንደሚያልፍ ማወቁ ይሻለኛል።"

ቅዳሜ ሲደርስ እሾሁ ተነሥቶ ነበር። አላምረው ለተከታዮቹ ከሩቅ ሰው ካያችሁ ፍሬን ያዙ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ደህና ዋላችሁ በሉ፣ መልሱን ሳትሰሙ አትለፉ አላቸው። ፀደይ እንኳ አልተከራከረችም። እሱ ቀድሞ ወረደ። ከባሕር ዛፉ ሲወጣ እማማ የትነበርሽ ማሳቸው ዳር ቆመው አያቸው። ለእሳቸው ግን ከኮርቻ ላይ መጮህ አነሰበት። ፍሬኑን ያዘ፣ ወረደ፣ ሳይክሏን ሣር ላይ አስተኛት፣ የራስ መከላከያውን አውልቆ ቀስ ብሎ ወደሳቸው ሄደ። ሌሎቹም ከኋላው ቆሙ።

የእማማ የትነበርሽ ፊት አመድ መሰለ። እጃቸው ደረታቸው ላይ ወጣ።

"ምነው ወረድህ?" አሉ፣ ከአፋቸው በቅጡ ሳይወጣ።

አላምረው ያን ጊዜ ነው የገባው። ቆሟል፤ ወርዷል፤ ራሱን ገልጦ፣ ሰው አስከትሎ እየመጣ ነው፤ መርዶ ይዞ ደጅ የደረሰ ሰው መስሏል።

"ደህና ዋሉ እማማ" አለ ቶሎ ብሎ። "ሰላም ልልዎ ነው። ሌላ ምንም የለም። ምንም አልሰማሁም።"

ፊቱን አገላብጠው አዩት። ከጀርባው የቆሙትን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ማሳው ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"እንግዲያ ዛሬ አይደለም" አሉ።

አላምረው አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አለ።