ከዱርዬዎቹ ፊልም ወደ መዘምራኑ ልምምድ

የዱርዬዎች ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። በኛ ቤት እንዲህ ያለው ነገር «ዓለማዊ» ስለሚባል፣ ልጆቼ ሲያዩ እንኳ ከሳሎን ተነስቼ እወጣ ነበር። ያን ቅዳሜ ግን ኮሌጅ የምትማረው ልጄ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው አፓርታማዬ ጎትታ አወጣችኝ። አባቷ ከቤት ከወጣ አራት ወሩ ነበር። እኔም ከሥራና ከአልጋ ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም።

«ማም፣ ዝም ብለሽ ነይ» አለችኝ። «ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው አሮጌ ፊልም ነው። ትስቂያለሽ።»

ሳቅ አላማረኝም። ሌት ተቀን የማስበው ስለ አንዲት ሴት ብቻ ነበር።

ከዚህች ሴት ጋር ከወንዙ ድልድይ ማዶ አሌክሳንድሪያ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን አሥራ አንድ ዓመት አብረን ዘምረናል። መሪያችን እሷ ነበረች፤ እኔ ከጎኗ ነበር የምቆመው። ባሌ ከሥራ ቦታው ሴት መያዙን የሰማሁ ቀን መጀመሪያ የነገርኩት ለእሷ ነው፤ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጠን። እጄን ይዛ አለቀሰች። «እዚሁ ይቀራል፣ እህቴ» አለችኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ሴቶቹ ሰላም ሲሉኝ ከወትሮው ረዘም አድርገው አቀፉኝ። አንዷ ጆሮዬ ስር «እየጸለይንልሽ ነው፤ ጌታ ይመልሰዋል» ስትል ነገሬ እንደወጣ ገባኝ። ወዳጄ «ጸልዩላት» ብላ ተናግራዋለች። ወሬው ባሌ ጋ ደረሰ፤ «ስሜን አጠፋሽው» ብሎ ሻንጣውን ያዘ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ጠሩኝና «ትዳርሽ እስኪስተካከል ከመድረክ ብታርፊ» አሉኝ። ወዳጄም እዚያው ተቀምጣ ነበር። አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ሲኒማ ቤቱ የደረስነው ከምሳ በኋላ ነው። ግማሹ ተመልካች እንደ ፊልሙ ዱርዬዎች ለብሶ መጥቷል። ከፊታችን የተቀመጠ ሽበታም ሰውዬ እጅጌ የሌለው የቆዳ ጃኬት ላይ ቀይ መሐረብ አስሯል። ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት ሕዝቡ ቀድሞ ይናገርለታል። መጀመሪያ ላይ ያበዱ መሰለኝ።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንዱ ዱርዬ የጓደኞቹን መደበቂያ ለጠላት ቡድን ይናገራል። ሁሉም ያልቃሉ፤ አንዲት ልጅ ብቻ ትተርፋለች። እየደማች ከተማውን አቋርጣ ከሃዲው ከአዲሶቹ ጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ የሚስቅበት ቤት ትገባለች። ዱላ አላነሳችም። ዝም ብላ አየችው። ያኔ አዳራሹ በሙሉ ብድግ ብሎ እሷ የምትለውን ጮኸ። «በሰው ፊት ተናገር!» ማለት ነው በኛ ቋንቋ።

እኔም ቆሜ ነበር። «ተናገር!» ብዬ በአማርኛ ስጮህ ልጄ ዞር ብላ አፈጠጠችብኝ።

ከዚያ በኋላ ድብድቡ ቀጠለ፤ እኔ ግን አላየሁትም። ትዝ ያለኝ የወዳጄ ምስክርነት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ጉባኤው ፊት ቆማ «ማህፀኔ ውስጥ የነበረው ዕጢ በጸሎት ሟሟ፤ ቢላ ሳይነካኝ ዳንኩ» ብላ ነበር። ሕዝቡ በእልልታ ተነሳ። ሆስፒታል ያደረስኳት እኔ ነኝ። ኦፕሬሽኗ እስኪያልቅ ከጠዋት ጀምሮ ደጅ ላይ ተቀምጬ የጠበቅኳት እኔ ነኝ። «እንዳትናገሪ» ስላለችኝ ከሰው ጋር «አሜን» ያልኩትም እኔው ነኝ።

መኪና ውስጥ ስንገባ «ወደ አሌክሳንድሪያ ንጂ» አልኳት ልጄን። «ልምምድ አለ።»

«ማም፣ አንቺ እኮ ኳየር ውስጥ የለሽም።»

«ንጂ አልኩሽ።»

ድልድዩን ተሻግረን ቤተ ክርስቲያኑ ደረስን። ፓርክ ስታደርግ «ፕሊስ፣ ምንም እንዳታደርጊ» አለችኝ።

መዘምራኑ ከመድረኩ ስር ቆመዋል። ልምምድ ባለ ቁጥር መጥተው የሚጸልዩልን አሮጊት እናት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ወዳጄ ስታየኝ እጇን ዘረጋች። «እንኳን ደህና መጣሽ፣ እህቴ።»

«እህትሽ አይደለሁም። ቢላ አልነካኝም ብለሻል፤ እውነቱን አሁን በሰው ፊት ተናገሪ! ሆስፒታል ያደረሰሽ ማነው? ጠባሳው የማነው?»

ኪቦርዱ ቆመ። እሷ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ፊቷ አመድ ሲመስል ደስ አለኝ። ውሃ እንደጠማው ሰው ጠጣሁት።

አሮጊቷ ቀስ ብለው ተነሱ። «ልጄ፣ እኛ እኮ እናውቃለን። ፋሻዋን የቀየርኩላት እኔ ነኝ።»

«እርስዎም ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ እሷን ከነውሸቷ መድረክ ላይ አቁማችሁ፣ እኔን ከነእውነቴ አወረዳችሁኝ?»

አሮጊቷ አንገታቸውን ደፉ። ትቻቸው ወጣሁ።

ፓርኪንጉ ውስጥ ወዳጄ እየሮጠች ደረሰችብኝ። «ለሦስት ሰው ብቻ ነው የነገርኩት» አለች።

«ስንት ሰው ነው አላልኩሽም። ለምን ነው የምልሽ።»

የመኪናውን በር ያዘችብኝ። «ስትነግሪኝ ከልቤ ነው ያለቀስኩት። ቤቴ ስገባ ግን ደስ አለኝ። ሁሉ የሞላልሽ ትመስይኝ ነበር።»

እኔም ያን ደስታ ከአምስት ደቂቃ በፊት ቀምሼዋለሁ። ይህን ግን አልነገርኳትም። መኪናው ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁባት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አሮጊቷ ኮል አደረጉልኝ። «ጉባኤው ፊት ቆማ እውነቱን ተናገረች። መሪነቱንም ለቃለች። አሁን ነይና ይቅር በያት።»

«እማማ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን አልመጣም።»

«ቂም እኮ የያዘውን ነው የሚበላው፣ ልጄ።»

«ይብላኝ» አልኳቸው።

አሁን አስፐን ሂል ካለች ትንሽ ጉባኤ ነው የምሄደው፤ እዚያ መዘመር እንደምችል ማንም አያውቅም። ልምምዱ ላይ የቀመስኩት ደስታ በዚያ ሳምንት ሰኞንና ማክሰኞን አብሮኝ ዋለ። ረቡዕ በሥራ ላይ ሳለሁ ፊቷ እንዴት አመድ እንደመሰለ ላስታውስ ብዬ ሞከርኩ፤ የመጣልኝ ሆስፒታል ከማደንዘዣው ስትነቃ መጀመሪያ የጠራችው የኔን ስም መሆኑ ነው። ይህም ሆኖ እስከዛሬ አልደወልኩላትም።