የአሥራ አንድ ኤሊዎች ደመላሽ

የትምህርት ቤቱን የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ተማሪዎቹ «እትዬ ሚዛን» ይሏታል። በየዓርቡ ግልገል ኤሊዎቹን አንድ በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጣ ክብደታቸውን ጮክ ብላ የምታስመዘግበው እሷ ናትና። ኤሊዎቹ ከእንቁላል እንደወጡ ሐይቅ ቢገቡ አሞራና ዓሣ ይጨርሷቸዋል። ስለዚህ ተማሪዎቹ ዓመት ሙሉ በመስታወት ገንዳ፣ በማሞቂያ አምፖል ሥር ያሳድጓቸውና መዳፍ ሲያህሉ ይለቋቸዋል። የእህቷ ልጆች «አክስታችን ከእኛ ይልቅ ለኤሊ ታዝናለች» እያሉ ይቀልዱባታል።

አንድ ብርዳም ሰኞ ጠዋት በሩን ስትከፍት ክፍሉ ጨልሞና ቀዝቅዞ ጠበቃት። አሥራ አንድ ኤሊዎች አንገታቸውን አስግገው ሞተዋል። አምፖሎቹ የሚሰኩበት ገመድ የለም።

የጥበቃው ሰው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ቅዳሜ ምክትሉ ገመዱን በብብታቸው ሸጉጠው ወደ ቢሮ ሲገቡ አይቻለሁ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሰክተው እግራቸውን ሊያሞቁበት ነው። ግን እኔ አልነገርኩሽም፤ የልጆች አባት ነኝ።»

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ግን ስትጠይቀው ዓይኔን ግንባር ያድርገው አለ። ይባስ ብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈባት፤ በሰልፍ ላይም ለተማሪዎቹ «አምፖሉን አጥፍታ ሄዳ ነው» አላቸው። ልጆቹ አኮረፏት። አንዲት ተማሪ ሚዛኑን ከእጇ ነጥቃ «እኛው እንመዝናለን» ያለቻት ከደብዳቤው ይልቅ አንገበገባት።

«ሆድ ይፍጀው» አለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ከብርዱ ከተረፉት ኤሊዎች መሀል ልጆቹ «መቀስ» የሚሏት ተናካሽ ኤሊ ነበረች። ጓንት ሳያጠልቅ የሚነካት የለም። አንዴ ከነከሰች ደግሞ ውኃ ውስጥ ካልነከሯት አትለቅም።

የመልቀቂያው ቀን እንግዶች ሐይቁ ዳር ተሰበሰቡ። ምክትሉ ከረባቱን አጥብቆ ስለ ተፈጥሮ ፍቅሩ ረዥም ንግግር አደረገና፣ «ለፎቶ የምትሆን ትልቅ ኤሊ አምጪልኝ» አላት።

«ምን ገዶኝ፣ ጌታዬ!» ብላ መቀስን ጭንቅላቷን ወደ ጣቶቹ አዙራ ሰጠችው።

መቀስ አውራ ጣቱን ጠረቀመችው። ጮኾ ሊያራግፋት እጁን ሲያነሣ እትዬ ሚዛን ክንዱን ጨምድዳ ያዘች።

«እንዳያራግፏት፤ ይብስብዎታል።»

«አስለቅቂኝ! በፈጠረሽ አስለቅቂኝ!»

«አስለቅቅዎታለሁ። ገመዱን ማን እንደነቀለው ይንገሩኝና።»

«የምን ገመድ?»

«እንግዲያው ትቆይ።»

ላቡ በግንባሩ ወረደ። ተማሪዎቹ ከበዋቸዋል፤ የማስለቀቂያውን መላ እያወቁ አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም።

«እኔ ነኝ... ለቢሮዬ ማሞቂያ ወስጄው ነው።»

«አልሰማሁም። ጆሮዬን ብርድ መቶታል።»

«እኔ ነኝ አልኩሽ እኮ!» ብሎ እንግዶቹ ሁሉ እስኪሰሙ አምባረቀ።

ያኔ ክንዱን ከነኮቱ እስከ ትከሻው ሐይቁ ውስጥ ነከረችው። መቀስ ጣቱን ለቅቃ ወደ ጥልቁ ሄደች። የእትዬ ሚዛን አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ሚዛኑን የነጠቀቻት ተማሪ እያለቀሰች «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለቻት። እሷን አቅፋ ይቅር አለቻት።

በሳምንቱ ምክትሉ ጣቱን በፋሻ ጠቅልሎ፣ ደብዳቤውን ከፋይሏ አውጥቶ ቤተ ሙከራው ድረስ መጣ። «በቃ፣ እንታረቅ» አላት።

«ከእኔ ጋር ምን ጠብ አለዎት? የሞትኩት እኔ ነኝ?» አለችና ገንዳ ማጠቧን ቀጠለች።

ዓመቱ ሲያልቅ ምክትሉ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወረ። ስንብቱ ላይ ጥበቃው ሳይቀር ተገኘ። እሷ አልሄደችም።